ኮድ መፈለጊያው ፋይሉን ለምን ያጣዋል?

[ስክሪን፦ ኤዲተር ተከፍቷል። ከታች በቀይ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል።]

አንድ ጊዜ የትልቅ ፕሮጀክት ታግ ፋይል፣ ማለትም እያንዳንዱ ፈንክሽን የት እንደተጻፈ የሚናገር ማውጫ፣ ሠርቼ ለባልደረባዬ ላኩለት። ልገላግለው ብዬ ነው። አንድ ፈንክሽን ላይ ቆሞ ወደተጻፈበት ቦታ ልዝለል ሲል «ፋይሉ አልተገኘም»። ሌላ ሞከረ፣ ያው ነው። ከፍተን ስናየው በየመስመሩ የኔ ሆም ፎልደር ስም ተደርድሯል። እሱ ኮምፒውተር ላይ እኔ የለሁማ!

[ስክሪን፦ አንድ የታግ መስመር ጎልቶ ይታያል።]

ታግ ፋይል የሚሠራው ፕሮግራም ሲታግስ ይባላል። የሚያወጣው ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። አንዱን መስመር እንየው። መጀመሪያ የፈንክሽኑ ስም። ከዚያ ታብ፣ ከዚያ የፋይሉ ፓዝ፣ ማለትም አድራሻው። እንደገና ታብ፤ ቀጥሎ ፈንክሽኑ ፋይሉ ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ። መሃል ያለው ፓዝ ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ልክ ቢሆንም ዋጋ የለውም።

ታዲያ ሙሉውን ፓዝ ትተን ሪላቲቭ፣ ማለትም ከአንድ ፎልደር ተነስቶ የሚቆጠር፣ እናድርገዋ? አዎ። ግን ከየት ተነስቶ? ጣጣው እዚህ ጋ ነው።

[ስክሪን፦ ሁለት ፎልደሮች፣ በመሃላቸው ቀስት።]

ዩኒቨርሳል ሲታግስ የሚባለው የሲታግስ ዓይነት ካልነገራችሁት በስተቀር ትዕዛዙን የሰጣችሁበትን ፎልደር መነሻ ያደርጋል። ቪም የሚባለው ኤዲተር ደግሞ በዲፎልት፣ መነሻው ታግ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ነው ብሎ ያነባል። ፕሮጀክቱ ውስጥ ሆናችሁ እዚያው ካስቀመጣችሁት ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ምንም አይታወቃችሁም። ታግ ፋይሉ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ ስትሉ ነው ጉድ የሚፈላው።

ለዚህ ታግ-ሪላቲቭ የሚባል ኦፕሽን አለ። «የስ» ካላችሁት ከታግ ፋይሉ ቦታ ተነስቶ ይጽፋል። ወጥመድ ግን አለው፦ የፋይሎቹን ስም በሙሉ ፓዝ ከሰጣችሁት እንደሰጣችሁት ነው የሚጽፈው። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። የፋይሎቹን ዝርዝር የሚያወጣልኝ ስክሪፕት ሙሉ ፓዝ ነበር የሚሰጠው። «ኦልዌይስ» ብለው ኖሮ እሱንም ወደ ሪላቲቭ ይቀይርልኝ ነበር።

ሲምሊንክም አለ፤ ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ ነው። አንዱ ፋይል በሁለት ስም ይገባና ፍለጋው እጥፍ ውጤት ያመጣል። ሲታግስን ሊንክ አትከተል ማለት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

[ስክሪን፦ ሁለት ተመሳሳይ የፋይል ስሞች ጎን ለጎን።]

የፊደል መጠን ግን የባሰ ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ኮድ ውስጥ፣ ኔትፊልተር በሚባለው ፎልደር፣ በካፒታልና በስሞል ሌተር ብቻ የሚለያዩ ፋይሎች አሉ። ሊኑክስ ላይ ሁለት ናቸው። ዊንዶውስ ላይ በተለመደው አሠራር ሁለቱ አብረው መኖር አይችሉም። ስለዚህ መፈለጊያ የምትሠሩ ከሆነ፣ ለማቃለል ብላችሁ ፓዙን ሁሉ ወደ ስሞል ሌተር አትቀይሩ። እንዳገኛችሁት አስቀምጡት።

[ስክሪን፦ ተርሚናል። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።]

አሁን ቪዲዮውን አቁሙና የራሳችሁን ታግ ፋይል ክፈቱ። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ከሆናችሁ፣ ከላይ በቃለ አጋኖ (!) የሚጀምሩትን መስመሮች እለፉና ከመጀመሪያው ታብ ቀጥሎ ያለውን እዩ። በስላሽ ከጀመረ፣ ለሰው ከመላካችሁ በፊት እንደገና ሥሩት።