ሲምባል ለደረሳችሁ
(ድሬዳዋ፣ የማርሽ ባንድ አዲስ ሰልጣኞች አቀባበል ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ የድሬ ሰዎች! ወላጆች፣ አሰልጣኞቻችን፣ አዲስ ሰልጣኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ትናንት የመሣሪያ ምደባው ሲነገር እዚሁ ነበርኩ። ትራምፔት የደረሰው ልጅ በደስታ ዘለለ። ሳክስፎን የደረሳት ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች። ሲምባል፣ ማለትም እርስ በርስ የሚጋጩት ሁለት የነሐስ ሳህኖች፣ የተባሉት ሁለቱ ልጆች ግን አንገታቸውን ደፉ። ዛሬ የምናገረው ለእነሱ ነው፣ ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

እኔም ሲምባል ስባል እዳው ገብስ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ነሐስ ማጋጨት፣ በቃ። መጀመሪያ አደባባይ የወጣን ቀን፣ ከዚራ ዛፎቹ ስር፣ ሰዉ ግጥም ብሎ፣ ሙዚቃው እየጋለ እየጋለ መጥቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ሁለቱን ፊት ለፊት አላተምኳቸው። «ቷፍ» ብለው ተጣበቁ። የሲምባል ሆዱ ጎድጓዳ ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ እኩል ከገጠመ አየሩ ውስጥ ይታፈናል፣ ድምፁም አብሮ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አመታቱን ላሳያችሁ። አንዱን ከሌላው ትንሽ ዝቅና ዘንበል አድርጋችሁ ያዙ። የአንዱ ጫፍ ለቅጽበት ቀድሞ ይንካ፣ ቀሪው ይከተል፤ ግን ጆሮ ሁለት ምት እስኪሰማ ድረስ አይራቅ። ከመቱ በኋላ ክፍት አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ይጩህ። ይህቺን ነገር እጄ እስኪለምዳት ሳቢያን ግቢያችን ውስጥ ማታ ማታ በባዶ እጄ ስለማመድ ወራት ፈጅቶብኛል።

የቆዳ ማንጠልጠያው ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል፣ ከሲምባሉ ጠጋ ብላችሁ ጨብጡት። ቋጠሮውን ደግሞ ከመጫወታችሁ በፊት ሁልጊዜ እዩት፣ ከተፈታ የሚወድቀው እግራችሁ ላይ ነው። ድምፁን ለማቆም ጠርዙን ደረታችሁ ላይ ለጠፍ ማድረግ ነው። ታዲያ የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ ነሐሱ ደጅ ከዋለ ሸሚዝ አልፎ ያቃጥላል። ጥላ ፈልጉለት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መቁጠር ነው። ሠላሳ ምናምን ሜዠር፣ ማለትም ሙዚቃው በእኩል ምት የሚከፈልባቸው ቁርጥራጮች፣ እስኪያልፉ ዝም ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ ከዚያ አንድ ምት። ትራምፔት ሲሳሳት ጎኑ ያለው ይሸፍንለታል፤ ሲምባልን የሚሸፍን የለም። ስለዚህ እኔ ቁጥሩን ብቻ አላምንም። ክላሪኔቶቹ የሚደጋግሟት አንድ አጭር ዜማ አለች፣ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ እጄ ይነሳል። የሌላውን ሁሉ ክፍል የማውቀው በዚህ ምክንያት ነው፣ ይህን ያገኘሁት ደግሞ ከሲምባል ነው።

ወላጆች፣ እባካችሁ የድስት ክዳን አትበሉት። ጥሩ ሲምባል 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቆርቆሮ የሆነ ነሐስ ነው። ዛሬም ድረስ ስማቸው ሲምባል ላይ የሚታየው ዚልጂያኖች፣ ቁስጥንጥንያ ውስጥ በ1623 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን የጀመሩ አርመኖች ናቸው። እኛም አገር በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የነሐስ ባንድ ያቋቋሙባቸው «አርባ ልጆች» አርመኖች ነበሩ። ይህን ሳስብ እጄ ላይ ያለው ነገር ይከብደኛል።

ሁለታችሁ፣ ነገ ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ኑ። ማንጠልጠያውን አብረን እናስራለን። መጀመሪያ ግን በጣም ቀስ ብለን ነው የምንመታው።