መከራውን የማይዘል ዘፈን

(በድሬዳዋ ለወጣት ገጣሚዎችና ዜማ ደራሲዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንግዶች፣ ደግሞም ጊታርና ደብተር ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ!

የዚህ ዙር ርዕሳችሁ «ጽናትና እምነት» መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ትንሽም ሰጋሁ። በዚህ ርዕስ ዘፈን መጻፍ ቀላል ይመስላል። «ተስፋ አትቁረጥ፣ ይነጋል፣ ፈጣሪ አለ» ማለት፣ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም፣ ከዚያ ኪቦርዱን ከፍ ማድረግ ነው። በየምርቃቱ እንዲህ ያለ ዘፈን እንሰማለን። ያስጨበጭባል። ግን ሥራ ፍለጋ ሲዞር ውሎ ማታ አልጋው ላይ የተጋደመ ልጅ ያንን ዘፈን አይከፍተውም። ዘፈኑ የእሱን ውሎ አያውቀውማ!

ውሎን የሚያውቅ የዘፈን ዓይነት አለ። ከአሜሪካ ገጠር የመጣው የካንትሪ ባላድ፣ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ነው። ዛሬ ስለ እሱ ላውራችሁ።

ካንትሪ ለኛ ሩቅ አይደለም። የጂም ሪቭስን፣ የዶን ዊልያምስንና የኬኒ ሮጀርስን ድምፅ ብዙ ወላጆቻችሁ ያውቁታል። እንግሊዝኛው ሳይገባቸው ዜማውን የሚያንጎራጉሩ ሰዎች አውቃለሁ። ይህ አይገርመኝም። ብዙ የድሮ የካንትሪ ዜማዎች በአምስት ድምፆች ላይ ነው የሚመላለሱት። የኛ ትዝታ ሜጀርም እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው። ባንጆውም ቢሆን ሥሩ አፍሪካ ነው። አሠራሩን በልባቸው ይዘው የሄዱት በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጆሯችን ዘመዱን ነው ያገኘው።

የካንትሪ ሙዚቃ አባት የሚባለው ሰው ደግሞ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ለገሃርን እያያችሁ ያደጋችሁ ልጆች ይህንን በደንብ ስሙልኝ።

ጂሚ ሮጀርስ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1897 በሚሲሲፒ ነው። አባቱ የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች አለቃ ነበር። ልጁ ገና በጉርምስናው ለሐዲድ ሠራተኞች ውኃ ማመላለስ ጀመረ። ኋላ ፍሬን ያዥ ሆነ። ፉርጎ ከፉርጎ እየተዘዋወረ፣ በብርድም በሐሩርም፣ የባቡሩን ፍሬን የሚጠብቅ ሠራተኛ ማለት ነው። በ1924 የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በዚያ ዘመን ለበሽታው መድኃኒት አልነበረም። ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነበር የሚገባው።

እሱ ግን ጊታሩን አነሳ። በኦገስት 1927 ብሪስቶል በምትባል፣ ቴነሲና ቨርጂኒያ በሚዋሰኑባት ከተማ የመጀመሪያ ዘፈኖቹን ቀዳ። በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ቦታ፣ የካርተር ቤተሰብ የሚባሉ የተራራ ሰዎችም ቀድተዋል። እነሱ የቤተክርስቲያን መዝሙር በዘፈናቸው ውስጥ ይዘው መጡ። የካንትሪ ሁለቱ እግሮች ያኔ ተተከሉ ማለት ይቻላል። አንዱ የሠራተኛው ውሎ፣ ሌላው የተራራው ጸሎት።

ሮጀርስ ስድስት ዓመት ያህል ዘፈነ። ስለ ራሱ በሽታም ዘፈነ። አልደበቀውም፣ አላስዋበውምም። በሜይ 1933 ኒውዮርክ ውስጥ የመጨረሻ ዘፈኖቹን ሲቀዳ ስቱዲዮው ውስጥ ታጣፊ አልጋ ተዘረጋለት። አንዱን ይዘፍንና ጋደም ይላል። ትንፋሹ ሲመለስለት ተነስቶ ቀጣዩን ይዘፍናል። ከመጨረሻው ቀረጻ ሁለት ቀን በኋላ ዐረፈ። ዕድሜው 35 ነበር። አስከሬኑን ወደ አገሩ የመለሰውም ባቡር ነው።

እኔ ጽናት ሲባል ያንን ታጣፊ አልጋ አስባለሁ። ሰውየው «አሸንፋለሁ» አላለም። እንደማይድን ያውቅ ነበር። የቀረውን ትንፋሽ ግን ሥራው ላይ አዋለው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ እናንተን የሚጠቅመው እሱ ነው።

ባላድ ታሪክ ነው። ሰው አለው፣ ቦታ አለው፣ ሥራ አለው፣ ዕዳ አለው። ሦስት ኮርድ፣ ማለትም ጊታር ላይ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ይበቃዋል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቤት ግጥም ይኖረዋል፤ በየመሀሉ አዝማቹ ይመለሳል። የአዝማቹ ቃል አይለወጥም። የሚለወጠው ከፊቱ ያለው ታሪክ ነው። ስለዚህ ያው አዝማች በመጣ ቁጥር ሌላ ነገር ይናገራል። የዘፈኑ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። እምነቱን አዝማቹ ይሸከማል፣ መከራውን ግጥሙ። ግጥሙ መከራውን ከዘለለው አዝማቹ ባዶውን ይቀራል።

እስኪ በኛው ከተማ ልሞክረው። ዜማ የለውም፣ ዜማውን ለእናንተ ትቻለሁ። ደቻቱ በሚባለው ደረቅ ወንዛችን አሸዋ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት አስቡ። የመጀመሪያው ቤት እንዲህ ይላል፤

አሸዋው ደረቅ ነው፣ ደቻቱ ተኝቷል፣
ሽንኩርቴን ዘረጋሁ፣ ገበያው ሞቅ ብሏል።

አዝማቹ ይከተላል፤

የማያልፍ የለም ብዬ አልዋሽም ልጄን፣
ሌሊት ይዞኝ ያደረ አይለቅም እጄን።

እዚህ ላይ «ሌሊት» ማለት ድህነቱ ነው። ልጁ ትኩሳት ይዞት፣ እናቱ የመድኃኒት መግዣ አጥታ ያደረችበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። አሁን ሁለተኛው ቤት ይምጣ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። እዚህ ያላችሁ ትልልቆቹ ያንን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ውኃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ፤

በሌሊት መጣና ጓዳዬን ጠረገ፣
ሲነጋ ዓይኔ ብቻ አሸዋ ላይ ፈለገ።

አሁን ያንኑ አዝማች መልሱት። «የማያልፍ የለም ብዬ አልዋሽም ልጄን።» ቃሉ አልተነካም። ሰሚው ግን ልጁ ተርፎ ይሆን ወይስ አልተረፈም ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። «ሌሊት ይዞኝ ያደረ» ስትል ደግሞ ውኃው መሀል የያዛት ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሦስተኛውን ቤት እናንተ ጻፉት። እኔ ብሆን እናቲቱን አስረጃታለሁ። ልጁን ከጎኗ አስቀምጠዋለሁ፣ እጇን ይዞ። ያኔ አዝማቹ ሲመለስ «እጄን የማይለቀው» ፈጣሪ ነው ወይስ ልጁ? ሰሚው ይወስን። ሁለቱም ነው ካለም እኔ አልከራከረውም።

አያችሁ? «ተስፋ አትቁረጥ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አልገባም።

እምነትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ ባላድ ብዙ ጊዜ አይሰብክም፤ ይጠይቃል። ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ኦክስፎርድ የተማረ፣ በጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ያበረረ ሰው ነበር። ሁሉን ትቶ የካንትሪ ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል ገባና ስቱዲዮ እየጠረገ ዘፈን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የቤተክርስቲያን ጉባኤ ላይ ልቡ ተነካ። ከዚያ የጻፈው ዘፈን «እኔ ምን አድርጌ ነው ይህን ሁሉ ቸርነት ያገኘሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። በ1973 የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ታዋቂ ሰው ነበር፤ እንደ ታዋቂ ሰው ግን አልተናገረም።

እኛ ለዚህ አዲስ አይደለንም። በሐምሌና በታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሄደ ሰው ያውቀዋል። የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣውን ሕዝብ አይታችኋል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ። ክርስቲያኑ ብቻም አይደለም፣ ሙስሊሙም ስለቱን ይዞ ይመጣል። ስለቱ የደረሰለት ሰው ሲናገር ስሙት። «ገብርኤል ደግ ነው» ብሎ አይጀምርም። «ልጅ አጥቼ ስንት ዓመት ተንከራተትኩ፣ እንዲህ አሉኝ፣ እዚህ ሄድኩ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ምስጋናው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ያኔ ሰው ሁሉ እልል ይላል። የመንዙማውንም ሥርዓት ታውቃላችሁ። አንዱ ያወርዳል፣ ሕዝቡ አዝማቹን ይቀበላል። ታሪክና አዝማች በደማችን ውስጥ አለ አቦ!

የዚህ ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራም አለ። በ2015 ዓ.ም. ነው የተለየን። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛም ዘፍኗል። ገና በልጅነቱ፣ አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ልጆች በኦሮምኛ መዝፈን ዋጋ በሚያስከፍልበት ዘመን መድረክ ላይ ሲቆሙ አብሯቸው ቆሟል። ከእሱ ሰፈር የሆነ ሰው ታሪክ አጣሁ ቢለኝ አላምነውም።

እንዲያውም ታሪክ የሞላው እዚሁ ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ከበደው። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ሐዲዱ ግርጌው ላይ ደረሰ፣ በዚያው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጂሚ ሮጀርስ ገና ሕፃን ሳለ የኛ ባቡር እዚህ ደርሶ ነበር። የድሮው ሸማንደፈር ሲቀዘቅዝ ስንት ቤት አብሮ እንደቀዘቀዘ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ወርክሾፑ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ፣ በፈረንሳይኛ የሚቆጣ፣ በኦሮምኛ የሚያጽናና፣ በአማርኛ የሚቀልድ ሽማግሌ በየሰፈራችሁ አለ። እሱ ላይ አንድም ባላድ ገና አልተጻፈም። እሱን እያለፋችሁ ስለ «ሕይወት» በጥቅሉ አትጻፉ። እባካችሁ!

አንዳንዶቻችሁ «እንዲህ ያለ ዘፈን ያሳዝናል፣ ሰው ደስታ ነው የሚፈልገው» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ያዘነ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ሲሰማ የሚያርፈውን ዕረፍት አይቻለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የምናደርገውም ይኸው ነው። «አይዞህ» ከማለታችን በፊት ሟቹ እንዴት እንደነበረ እናወራለን። እንዴት ታመመ፣ ምን አለ፣ ማን ደረሰለት እንላለን። ዘፈናችሁም በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

እንግዲህ ሥራችን ይኸው። ዛሬ ማታ አዝማች አትጻፉ። የመጀመሪያውን ቤት ብቻ ጻፉ። የሰውየውን ሥራ፣ ሰፈሩን፣ ያጣውን ነገር አስገቡበት። ከዚራ ይሁን፣ መጋላ ይሁን፣ ሳቢያን ይሁን፣ ቦታው በስሙ ይጠራ። «እምነት» እና «ጽናት» የሚሉት ቃላት እንዳይገቡ። በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችሁ ታነባላችሁ፣ ሌሎቻችን አዝማቹ ምን መሆን እንዳለበት እንነግራችኋለን። ጊታር የያዛችሁት ከፊት ኑ፤ በትዝታ ሜጀር እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።