ቁጥሩ ሲያንስ ቀለሁ ይወፍራል

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ባዶ የሾትጋን ቀለህ አለ፣ ያ ትናንሽ ፍሬ የሚበትነው ጠመንጃ፤ ካሜራው ይታያችሁ እንደሆነ ላስጠጋው። ይሄ ባለ 12 ነው። ይሄኛው፣ አውራ ጣቴን የሚውጠው፣ ባለ 10። አዎ፣ ወፍራሙ ነው ባለ 10! ማነው ቁጥሩን የገለበጠው? ማንም አልገለበጠውም።

እናቴ ድፎ ጋግራለች እንበል። ኮባው ተነስቶ፣ ሽታው ጎረቤት ደርሶ። ድፎው አንድ ነው። አሥር ልጅ ከመጣ ድርሻችሁ ደህና ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ያቆያል። አሥራ ሁለት ከሆኑ ትንሽ ቀነሰ። ሃያ ከመጡስ? የሰፈር ልጅ ዳቦ ሲሸተው መቼም ታውቁታላችሁ፣ ያልተጠራው ነው ቀድሞ የሚቀመጠው! ያኔ ቁራሽ ናት የምትደርሳችሁ። ሰው ሲበዛ ድርሻ ያንሳል። አለቀ።

አሁን ድፎውን አንሱና አንድ ፓውንድ እርሳስ አስቀምጡ፤ 454 ግራም ገደማ። አሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡል አድርጉት። የአንዷ ውፍረት የባለ 12 አፈሙዝ የውስጥ ስፋት ነው፣ 18.5 ሚሊ ሜትር። አሥር ካደረጋችሁት 19.7። ስምንት ካደረጋችሁት 21.2። ሃያ ከሆነ 15.6፤ ቁራሿ ናት። ጌጅ ማለት ይሄው ነው። ባለ 410 የሚባለው ብቻ ድፎው ላይ አልተቀመጠም፤ እሱ ማስመሪያ ይዞ የመጣ እንግዳ ነው፣ ቁጥሩ የኢንች ሺህኛ ነው።

ባዶ ቀለህ መልሰን ወደምንሞላበት ማሽን፣ ወደ ፕሬሱ፣ ልገባ ነበር... ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ፦ «ባለ 12 ሦስት ተኩል ኢንች አለኝ፤ ያው 10 ማለት አይደል?» አይደለም! ወገኖቼ፣ አይደለም። ርዝመት ሌላ፣ ውፍረት ሌላ። ቀጭን ሰው ቢረዝም ወፍራም አይሆንም፤ እኔን እዩኝ።

ደሞ ርዝመቱ የሚለካው አፉ ተከፍቶ ነው፣ ከተተኮሰ በኋላ ማለት ነው። ሳይተኮስ አፉ ስለታጠፈ ያጥራል። ስለዚህ ረጅሙ ቀለህ አጭር ጉረሮ፣ ማለትም አጭር የጥይት መግቢያ፣ ባለው ጠመንጃ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። «ገባ፣ ስለዚህ ልኩ ነው» ትላላችሁ። ሲተኮስ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከሱ የባሰው ባለ 20 ነው፦ ባለ 12 ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ይቀረቀራል፣ ጉረሮው ባዶ ይመስላል፣ ከኋላው ባለ 12 ይጨመርበታል፣ አፈሙዙ ይፈነዳል። አሜሪካ ውስጥ የባለ 20 ቀለህ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለማማር አይደለም!

እሺ፣ ፕሬስ። መሠረቱን ስለምታውቁ ቶሎ ቶሎ ልበል። ቀለሁ ብቻ ከረዘመ ውፍረትን የሚነካ ዕቃ አይቀየርም፤ የፕሬሱ አናት ከፍ ይላል፣ የማጠፊያው ከፍታ ይስተካከላል። ቀለሁ ከወፈረ ግን ቀለሁን የሚነካው ሁሉ ይቀየራል፦ ማጥበቂያው፣ መቀመጫው፣ የዋድ (ባሩዱን ከፍሬው የሚለየው ውታፍ) ማስገቢያው፣ አፍ ማጠፊያው። የባሩድና የፍሬው መስፈሪያም እንደ አሞላሉ ይለወጣል። «ባለ 12ቱን ዳይ፣ ቀለሁን ቅርጽ የሚያስይዘውን ዕቃ፣ ላሰፋው» ያላችሁኝ፣ እባካችሁ ተዉት። ዊስኮንሲን ሜይቪል ያለው ሜክ የሚባለው የፕሬስ ፋብሪካ ለባለ 10 የተሠራ ይሸጣል፤ እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው። የባሩድና የፍሬውን ልኬት ደግሞ ከታተመ ሰንጠረዥ እንጂ ከዚህ ቪዲዮ አትጠብቁ። ከ12 አስልታችሁም አታሳድጉ።

የብረት ፍሬ የምትሞሉ ደግሞ ስሙኝ። አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ለውኃ ወፍ አደን እርሳስ ተከልክሏል። ብረት ቀላል ስለሆነ ፍሬው ተለቅ ይላል፤ ተለቅ ያለው ፍሬ ፍሬው ወደ ቀለሁ በሚወርድበት፣ ለእርሳስ በተሠራው ቱቦ ውስጥ ተቃቅፎ ይቆማል። በር ላይ እኩል ለመውጣት የሚጋፉ ሰዎች አይታችሁ የለ? እንደዛ። ግማሹ ቀርቶ ግማሹ ይወርዳል፣ እናንተ ሞላ ብላችሁ ታጥፋላችሁ። ሰፋ ያለ ቱቦ ያስፈልገዋል፣ የራሱ ዋድም። የእርሳሱን ዋድ ብትጠቀሙ ብረቱ አፈሙዙን ይፍቀዋል።

ባለ 8ስ? አሜሪካ ውስጥ ተሰዳጅ ወፍ ከ10 በወፈረ ሾትጋን ማደን ክልክል ነው። ባለ 8 ዛሬ በብዛት የሚተኮሰው ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፣ አትሳቁ! እቶኑ ውስጥ ተጋግሮ የተጣበቀውን ድንጋይ ለመሰባበር፣ እቶኑ ሳይቆም ይተኩሱበታል። የድሮ ባለ 8 ጠመንጃ ያላቸው ሰዎች ያንን ፕላስቲክ ቀለህ ለቃቅመው ይሞላሉ፤ የመሙያ ዕቃውን በቶርኖ አስወጥተው፣ አፉን እንደ ሳምቡሳ በማጠፍ ፈንታ በመሰርሰሪያ ማሽን እያዞሩ ወደ ውስጥ ይጠቀልሉታል። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ድፎው ለሁሉም ይደርሳል፣ ቁራሽም ቢሆን።