ጉም በብር ገዛሁ

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው? ድምፄ ከሻከረ ይቅርታ፣ ደሴ ነኝ፣ ከትናንት ጀምሮ የቶሳ ተራራ አይታይም፣ ጉሙ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖታል፣ አስፋልቱ ላይ የሚሄደው ሰው ራሱ ግማሹ ነው የሚታየው። ዛሬ የማወራችሁም የጉም ነገር ነው። ደሴ ላይ ጉም ከሰማይ በነፃ እየወረደ እኔ በብር ገዛሁ። ቬፕ ማለቴ ነው፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ።

በነገራችን ላይ ጉም ያልኩት ለቀልድ ብቻ አደለም። ከቬፕ የሚወጣው ነገር ጭስ አደለም፣ ምንም የሚነድ ቅጠል የለውም፣ ባትሪው አንድ ትንሽ ሽቦ ያግላል፣ ሽቦው የያዘው ጥጥ በፈሳሽ ርሷል፣ ፈሳሹ ይተንና አየር ሲያገኘው መልሶ ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። ከቶሳ የሚወርደውም ደቃቅ ጠብታ ነው። ልዩነቱ የቶሳው ውሃ ነው፣ የኔው ግን ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ እና ኒኮቲን።

እኔ ሲጋራ የጀመርኩት ካምፓስ ነው፣ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፓኬት ገዝቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፣ በፍሬ ነው፣ ከሱቅ አንድ ፍሬ፣ ከቡና በኋላ አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ እንደዛ እያልኩ ማታ ስቆጥረው አስራ ምናምን ይሆናል። በፍሬ የሚገዛ ሰው ራሱን አጫሽ አይልም፣ "አልፎ አልፎ ነው" ነው የሚለው። እማ ታውቃለች፣ እንደማታውቅ ነው የምትሆነው፣ ጋቢዬን ሳልነግራት አጥባ ትሰቅልልኛለች፣ ቃል አትተነፍስም። ያ ዝምታዋ ከስድብ ይብሳል። እና አንድ ቀን በቃ አልኩና ቴሌግራም ላይ "ለጀማሪ ርካሽ ቬፕ" ብዬ ፃፍኩ።

ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ጀማሪ ነህ?" ብሎ ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሳንባዬን ያጨስኩ ሰውዬ "አዎ ጀማሪ ነኝ" ብዬ ስመልስ ትንሽ አፈርኩ። ሁለተኛው ጥያቄው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፍሌቨር። ማንጎ ነው ሀብሀብ ነው ሚንት? በቀን ስንት ታጨሳለህ የለ፣ ምን ያህል ኒኮቲን ትፈልጋለህ የለ፣ ልክ ጁስ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለው። እኔም የጠየቅኩት ዋጋ ብቻ ነው፣ እና ርካሹን ዲስፖዘብል አልኩት፣ ተጠቅሞ የሚጣለውን ማለት ነው። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ዛሬ ብናገር ነገ ይቀየራል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በፌስታል ተጠቅልሎ መጣ።

ካርቶኑ ላይ "ኒኮቲን 5%" ይላል። አምስት ፐርሰንት! እኔ ደስ አለኝ፣ ከመቶ አምስት ምን አላት ብዬ። ጠዋት በባዶ ሆዴ አልጋ ላይ ሆኜ አስር ጊዜ፣ አስራ አምስት ጊዜ ሳብኩት፣ ጉሮሮ ላይ ምንም አይልም፣ ለስላሳ ነው፣ ማንጎ ነው። ከዛ ስነሳ ቤቱ ዞረ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ግድግዳ ይዤ ቁጭ አልኩ። በኋላ ነው ሂሳቡን ያየሁት፣ 5% ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ነው። የአውሮፓ ህብረት የፈቀደው ጣሪያ 20 ነው። አንድ ሲጋራ ወደ ደም የሚያስገባው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ገደማ። ጉሮሮዬ ያልከለከለኝ ኒኮቲን ሳልት የሚባለውን ዓይነት ስለሚጠቀሙ ነው፣ እሱ ጉሮሮ አይቧጥጥም፣ ስለዚህ የበዛበት ሰው ማወቂያ የለውም። ሲጋራ ቢያንስ ያስልሃል፣ ያቃጥልሃል፣ በቃህ ይልሃል።

ሁለተኛው ነገር እሱ ነው፣ በቃህ የሚል የለም። ሲጋራ ያልቃል። ትለኩሳለህ፣ ታጨሳለህ፣ ትረግጣለህ፣ አለቀ። ይሄኛው ማለቂያ የለውም፣ ፊልም እያየሁ፣ ስልክ እያወራሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ ሽታ የለውም ብዬ ደግሞ ቤት ውስጥ። እኔ ረመዳን ላይ ከሱሁር እስከ ኢፍጣር አስራ ሦስት ሰዓት ያለ ሲጋራ የምውል ሰው ነኝ እኮ፣ ሸዋል በገባ በሳምንቱ ግን ይህቺን ዕቃ ለአስራ ሦስት ደቂቃ ማስቀመጥ አቃተኝ።

እና እማ ቡና እያፈላች፣ እጣኑ እየጨሰ፣ አቦሉን ልትቀዳ ስትል ቆም አለችና አሸተተች። "አንተ ልጅ ማንጎ ገዝተሃል እንዴ?" አለችኝ። "አይ እማ።" "ታዲያ ይሄ ሁሉ ማንጎ ከየት መጣ?" ምን ልበላት። አስራ ሁለት ዓመት የሲጋራ ሽታ ላይ ዝም ያለች ሴት ማንጎ ላይ ጠየቀች። ቶናውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ዕቃዬ በሁለት ሳምንት ሞተች። ካርቶኑ ላይ ይህን ያህል ሺህ ፓፍ ይላል፣ ፓፍ ማለት አንድ ጊዜ መሳብ ነው፣ ግን ፓፍ መለኪያ አደለም፣ አጭር ከሳብክ ይበዛል፣ ረጅም ከሳብክ ያንሳል። መጨረሻ ላይ ጥጡ ደርቆ ሽቦው ጥጡን ያነደው ጀመር፣ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ጣዕም፣ እንደዛ ሲሆን መሳብ ማቆም ነው፣ ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዝ ሁሉ ያወጣል። እኔ ግን ብሬ እንዳይባክን ብዬ ሦስት ቀን ሳብኩበት። ርካሽ ዕቃ የሚያሠራህን አያችሁ?

ከዛ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ። ከሲጋራ ለሚሸሽ ሰው ርካሹ ዲስፖዘብሉ አደለም፣ ፖድ የሚሉት ነው፣ መጀመሪያ ወደድ ይላል ግን ቻርጅ ይደረጋል፣ ፈሳሽ ይሞላል፣ የሚቃጠለው ኮይሉ፣ ሽቦውና ጥጡ ማለት ነው፣ እሱ ብቻ ይቀየራል። የኮይሉ ኦም፣ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኩ ማለት ነው፣ ከ1 በላይ ቢሆን አሳሳቡ እንደ ሲጋራ ጠበብ ያለ ነው፣ ያ ሁሉ ትልልቅ ዕቃ ወጣቶች ቪዲዮ ላይ ደመና የሚያስወጡበት ለእንደኔ ዓይነቱ አይሆንም። እና ኒኮቲኑን ራስህ መርጠህ እያወረድክ መሄድ ትችላለህ። ይሄ ሁሉ ግን ለሎንዶን ሰው ነው የሚሠራው! እኔ ደሴ ላይ ኮይሉን ከየት አመጣለሁ? ፈሳሹን ማን ሞላው፣ የት ሞላው? እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ2,800 በላይ ሰው በቬፕ ምክንያት ሳንባው ተጎድቶ ሆስፒታል ገባ ወይም ሞተ፣ የሞቱት 68 ናቸው፣ ሲመረመር አብዛኛው ከሰፈር ሻጭ ከተገዛ የካናቢስ ዘይት ጋር የተያያዘ ነበር፣ የተቀላቀለበት ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው ዋናው ተጠርጣሪ። የኔው ካናቢስ አልነበረም፣ እሺ፣ ግን የኔም ሻጭ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፣ ማንጎ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ከገዛሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። በኛ አገር በአዋጅ 1112/2011 ቬፕ ማስገባትም ማከፋፈልም መሸጥም ክልክል ነው፣ ከሺሻ ጋር አብሮ። በፌስታል የተጠቀለለው ለካ ለዛ ነው።

ይህን ብዬ ደግሞ እውነቱን ልደብቅ አልፈልግም። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ ራሱ አጫሽ ነበር፣ ለማቆም ብሎ ነው። ጥናቶቹም ለማቆም ለሚሞክር አጫሽ ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከኒኮቲን ማስቲካውና ቆዳ ላይ ከሚለጠፈው ኒኮቲን የተሻለ እንደሚረዳ ያሳያሉ። እኔም ያን ሁለት ሳምንት ሲጋራ ከአስራ ምናምን ወደ ሦስት ወርዶልኝ ነበር። ማስቲካውንም ጠይቄያለሁ፣ የዞርኩባቸው ፋርማሲዎች የሰጡኝ መልስ "ማስቲካ ሱቅ ነው" የሚል ነው፣ ሃሃ። አጭሶ ለማያውቅ ሰው ግን ምንም የሚሰጠው ነገር የለውም፣ ሱስ ነው የሚገዛው።

ዱባይ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ "አብሽር፣ ጥሩውን እኔ እልክልሃለሁ" አለች፣ እዛ በሱቅ ይሸጣል። የምትመጣ ጓደኛዋ ሻንጣ ውስጥ ልትከተው ነበር፣ በሻንጣ አይሄድም እታለም፣ ባትሪው ሊቲየም ነው፣ ጭነት ክፍል ውስጥ እሳት ቢነሳ ማን ያጠፋዋል አልኳት። "እሺ በእጇ ትያዘው።" እዚህ ስትደርስስ? ጉምሩክ ላይ የሰው ልጅ በኔ ማንጎ ይያዝ? ተይው አልኳት። "ታዲያ በምን ልታቆም ነው?" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ አሁን ሳወራችሁ በቀን አራት ላይ ነኝ፣ አንዷ ከቡና በኋላ ያለችው አልነቀል ብላለች።

የሞተችውን ዕቃ መጣልም ፈርቼ መሳቢያ ውስጥ ከርማለች። ባለፈው ለሞባይል ጠጋኙ ጓደኛዬ ወሰድኩለት። ከፈታት፣ እናንተ እንዳትሞክሩት፣ ያ ባትሪ ከተበሳ ይነዳል፣ ልጁ ሥራው ስለሆነ ነው። አየና "ኧረ ይሄ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ እኮ ነው!" አለ። አንዴ ተጠቅመህ ጣል ተብሎ የተሸጠልኝ ውስጥ። ከአሮጌ ፓወር ባንክ የቻርጅ ቦርድ አውጥቶ፣ አንዲት አምፖል ጨምሮ፣ ሠራልኝ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ለእማ አበራሁላት። "ይቺን ባትሪ ከየት አመጣሃት?" አለችኝ። "ማንጎዋ ናት እማ።" ምንም አላለችም፣ ተቀበለችኝና በሷ እያየች ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።