ይሉኝታና ፍቅር በሲንሃላ ልብ ወለድ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፤

በቤይሩት ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርታ የተመለሰች ዘመድ ያለችው ሰው ስለ ስሪላንካ ሴቶች ሳይሰማ አልቀረም። እህቶቻችን ከእነርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል፤ በአንድ ኩሽና ሽንኩርት ልጠዋል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሴቶች በወጣትነታቸው ምን ዓይነት የፍቅር ታሪክ ያነቡ እንደነበር የጠየቅናቸው አይመስለኝም። ዛሬ የምናገረው በቋንቋቸው በሲንሃላ ስለተጻፈው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ሲንሃላ አላውቅም፤ ያነበብሁት በእንግሊዝኛ ትርጉም ነውና የምለውን ሁሉ በዚያው ልክ መዝኑልኝ።

በሲንሃላ ስለ ፍቅር መጻፍ ከልብ ወለድ እጅግ ይቀድማል። ሲጊሪያ በሚባለው ታላቅ አለት ላይ በ5ኛው መቶ ዘመን የተሳሉ ሴቶች አሉ። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ሊያዩአቸው የወጡ መንገደኞች እንደ መስተዋት በተወለወለው ግድግዳ ላይ ግጥም ጫሩላቸው፤ የጥንታዊ ጽሑፍ ሊቁ ፓራናቪታናም እ.ኤ.አ. በ1956 ከእነዚህ 685ቱን አሳተሙ። መንገደኞቹ ሴቶቹን ያወድሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ መልስ ስላላገኙ ይቀየማሉ። በግድግዳ ሥዕል መቀየም የሚያስቅ ቢመስልም፣ ዝም የምትል ተወዳጅ በሲንሃላ ድርሰት ውስጥ ደጋግማ የምትመለስ ሴት ናት። ማሃቫምሳ የተባለው ዜና መዋዕል ደግሞ የንጉሥ ዱቱገሙኑ ልጅ ሳሊያ ከተናቀ ወገን የተወለደችን ልጃገረድ አፍቅሮ ዙፋኑን እንደተወ ይተርካል። ዙፋኑ ለንጉሡ ወንድም አለፈ።

ወደ ልብ ወለዱ ከመግባቴ በፊት ጋብቻቸውን በሚመለከት አንድ ነገር ላስረዳ። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሰው እንግዳ ቢሆንም፣ በሲንሃላ ወግ የእናት ወንድም ልጅ ወይም የአባት እህት ልጅ ተገቢ የትዳር ጓደኛ ሲሆን፣ የአባት ወንድም ልጅ ግን እንደ እህትና ወንድም ይቆጠራል። ስለዚህ በልብ ወለድ ውስጥ አብራው ያደገችው የእናቱ ወንድም ልጅ የልቡ ሰው ሆና ስትገኝ አንባቢው አይደነግጥም። ኮከብ መቁጠር ግን ለእኛም አዲስ አይደለም፤ እነርሱ ፖሮንዳም ይሉታል፤ የሁለቱ የልደት ሰዓት ካልገጠመ ነገሩ እዚያው ሊቀር ይችላል። ከገጠመም ጥንዶቹ በመልካም ሰዓት ፖሩዋ በተባለው ያጌጠ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ትንንሽ ጣቶቻቸውም በክር ታስረው ውሃ ይፈስባቸዋል።

እንግዲህ ወጉ ይህን ያህል የደረጀ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ይህን ልብ ወለድ ፍቅረኞች ከውስጥ፣ ወግ ከውጭ ሆነው የሚታገሉበት መድረክ አድርጎ ያነበዋል። እኔ ግን የበረቱት ድርሰቶች ወጉን ያስቀመጡት በፍቅረኞቹ ልብ ውስጥ ነው እላለሁ። ሲንሃላዎች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ላጃ ባያ የሚባል ነገር አላቸው፤ ቃል በቃል እፍረትና ፍርሃት ማለት ነው። በእኛ አፍ ይሉኝታ ብለው ከእውነቱ ብዙ የምርቅ አይመስለኝም።

የቀደሙት ደራስያን እዚህ አልደረሱም። ፒያዳሳ ሲሪሴና እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ የቡድሃ እምነት ተከታይ የሆነው ጃያቲሳ ካቶሊካዊቷን ሮዛሊን ይወዳል፤ ፍቅሩ ግን የሃይማኖት ሙግት ማንገቢያ ሆኖ ያልፋል። አገሪቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረችና የደራሲው ቁጭት ይገባኛል፤ ሆኖም እንዲህ አብዝቶ የሚከራከር ፍቅረኛ ለማግባት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ነገሩ የተለወጠው በማርቲን ዊክራማሲንሄ እጅ ነው። በደቡቧ የባሕር ዳርቻ መንደር በኮጋላ እ.ኤ.አ. በ1890 የተወለደው ይህ ሰው በ1944 ጋምፔራሊያን አሳተመ፤ ስሙ የመንደር መናወጥ ማለት ነው። በመንደሩ ትልቅ ቤት የምትኖረው ናንዳ እንግሊዝኛ የሚያስተምራት ፒያል ይወዳታል፤ እርሷም አልጠላችውም። ዳሩ ግን የትውልድ ደረጃው ከቤቷ ያንሳልና ለእኩያዋ ለጂናዳሳ ትዳራለች። የትልቁ ቤት ሀብት እየመነመነ ሲሄድ ጂናዳሳ እንጀራ ፍለጋ ርቆ ይሄዳል፤ ሞተ ተብሎም ይወራል። በንግድ የበለጸገው ፒያል ያን ጊዜ ናንዳን ያገባታል።

በሌላ ደራሲ እጅ ታሪኩ እዚህ በሠርግ ያበቃ ነበር። ዊክራማሲንሄ ግን ጂናዳሳ በእርግጥ የሞተው ገና አሁን መሆኑን የሚያረዳ መልእክት ያመጣባታል፤ ናንዳም በምትወደው ሰው ቤት ተቀምጣ ወላጆቿ ለመረጡላት ባል ታለቅሳለች። ፒያል ይቀናል። ከማን እንደሚቀና ግን አስቡት፤ የሚቀናው ከሞተ ሰው፣ ከዚያም አልፎ ፈጽሞ ሊገባበት ካልቻለው ከትልቁ ቤት ነው። ገንዘቡ ያንን ቤት ሊገዛለት ይችላል፤ በናንዳ ልብ ውስጥ ያለውን ግን አይገዛለትም። ናንዳን ወላጆቿ አሁን አያስገድዷትም፤ የምታለቅሰው ራሷ ናት፤ ልቅሶዋም የውሸት አይደለም።

ይኸው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ቪራጋያ ይህንኑ ነገር ይበልጥ አጥብቆታል። ሳሮጂኒ አብረን እንጥፋ ስትለው አራቪንዳ እምቢ ይላል። ዱላ የያዘ አባት በር ላይ ቆሞ አይደለም፤ የሰው ልብ መስበርን ይፈራል፤ በዚህም የእርሷን ይሰብራል። የመጽሐፉ ስም ከምኞት መላቀቅ ማለት ሲሆን በቡድሃ ትምህርት የተከበረ ቃል ነው፤ አራቪንዳ ቅዱስ ይሁን ፈሪ ግን የአገሩ አንባቢዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። እኔ ፈሪ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ሳሮጂኒ ያን ጥያቄ ያቀረበችበትን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር ፍርዴን ለማለስለስ እገደዳለሁ። ያንን ምዕራፍ አሁን ስለምናነብበው መድረኩን ለአንባቢያችን እለቃለሁ።