ወረቀት እየቀጠለ የሣለው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥዕል ወዳጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳላችሁ ቻርልስ በርችፊልድን ነው። አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው፤ የሚታወቀውም በውሃ ቀለም ሥራዎቹ ነው። በእኛ ዘንድ ስሙ ብዙም አይነሳም፤ ይህ በጣም ይቆጨኛል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተወለደው በ1893 ኦሃዮ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ነው። አባቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ ልጆቻቸውን ይዘው ሴለም ወደምትባል ትንሽ ከተማ ገቡ፤ ያደገውም እዚያ ነው። ክሊቭላንድ ሄዶ ሥዕል ተማረ። በ1916 ኒውዮርክ ውስጥ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘ፤ ግን አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ተወው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሴለም ተመለሰና ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረ። ይሥል የነበረው በምሳ ሰዓቱና ከሥራ ሲወጣ ነው።

ከዚያ 1917 መጣ። እሱ ራሱ «ወርቃማ ዓመቴ» ይለው ነበር። ዕድሜው ገና 24 ነው። «የነፍሳት ዝማሬ» የተባለውን ሥዕል የሠራው ያኔ ነው፤ ነፍሳት ስል እንደ ፌንጣ ያሉትን ትንንሽ ፍጥረታት ነው። በኦገስት ሙቀት አንድ ጓሮ ይታያል። በቅጠሉ መሀል የሾሉና የተጠማዘዙ መስመሮች ይርመሰመሳሉ። እነዚያ መስመሮች ድምፅ ናቸው! የማይታየውን የነፍሳት ጩኸት በቀለም አሳየን። በዚያው ዓመት በዝናባማ የብርድ ወራት ሌሊት የሚደወል የቤተ ክርስቲያን ደወል ሣለ። የደወሉ ማማ ፊት ያለው አስፈሪ ፍጡር ይመስላል። ልጅ ሆኖ ደወሉን ሲሰማ የተሰማውን ፍርሃት ነው የሣለው። ለፍርሃት፣ ለትካዜና ለሌሎችም ስሜቶች የየራሳቸውን ቅርጽ ፈጥሮላቸው ነበር። እኔ እስከ ዛሬ እነዚህን ሥዕሎች ሳይ እገረማለሁ።

ኑሮ ግን ኑሮ ነው። በ1921 ቡፋሎ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ለአንድ ኩባንያ የግድግዳ ወረቀት ንድፍ ይሠራ ጀመር። አገባ፤ አምስት ልጆች ወለደ። በ1929 ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ። ያኔ ስም ያወጡለት ያረጁ ቤቶች፣ የፋብሪካ ሰፈሮችና ጭቃማ መንገዶች ናቸው። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ በእኔ ዓይን ግን የ1917ቱን አያህሉም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም በ1930 ለብቻው ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅለት፣ ያሳየው የወጣትነቱን የውሃ ቀለም ሥራዎች ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በ1943፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ እነዚያን አሮጌ ሥዕሎች አወጣ። የውሃ ቀለም የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ በዘይት ቀለም የተሳሳተውን በላዩ ላይ ቀብቶ ማለፍ ይቻላል። በውሃ ቀለም ግን ቀለሙ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ከሥር ያለው ነጭ ወረቀት ራሱ ነው። አንዴ ከሸፈናችሁት መመለሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው አዲስ ወረቀት ያነሳል። በርችፊልድ አሮጌውን ሥዕል መሀል አድርጎ ዙሪያውን ወረቀት ቀጠለበት። ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ሥዕሉን ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አሰፋው። በ24 ዓመቱ የጀመረውን ዛፍ በ50 ዓመቱ ቅርንጫፍ አበጀለት። ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ያለው «የጸደይ መምጣት» የተባለው ሥዕል የተሠራበት ዘመን ሲጻፍ «1917–43» የሚባለው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ሁለት ዓመት የተጻፈባቸው ሥዕሎቹ ብዙ ናቸው።

እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይሥል ነበር። በ1966 ቡፋሎ ውስጥ በስሙ የጥበብ ማዕከል ተከፈተለት፤ በወሩ ገደማ፣ በጃንዋሪ 1967 አረፈ። ማዕከሉ ዛሬም በርችፊልድ ፔኒ በሚል ስም ክፍት ነው። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ እባካችሁ ግቡ። ከትልልቆቹ ሥዕሎች ፊት ስትቆሙ ጠጋ በሉና ወረቀቶቹ የተጋጠሙበትን መስመር ፈልጉ። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን የብሩሽ አሻራ አስተያዩት።

አመሰግናለሁ።