ድንኳኑ የት ይተከላል?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ሰፈራችን ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ወደየቦታው ተበትነናል። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስትገቡ አይ ነበር። ከገላን ጉራ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችሁ አላችሁ። ከቦሌ አራብሳ ታክሲ እየቀያየራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እዚሁ ካዛንቺስ ቀርታችሁ በእግራችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ቁጥራችሁ ግን ትንሽ ነው። ሁለት እናቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። አርባ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተዋሰኑ ናቸው። አንዷ ስታነጥስ ሌላዋ ከግድግዳው ማዶ «ይማርሽ» ትላት ነበር። ዛሬ አንዷ ገላን፣ ሌላዋ አራብሳ ናት። «አሁን ቡና ከማን ጋር ትጠጫለሽ?» ስትላት ሰማሁ። «ትንሽ ጀበና ገዛሁ» አለቻት። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ላነብላችሁ የጻፍኩት ሪፖርት ነበረኝ። እሱን ጸሐፊያችን ያንብቡት። እኔ ከዚህች ትንሽ ጀበና ልጀምር።

ሰፈራችን ከመጀመሪያውም ባለቤት ሲቀያየርበት የኖረ ሰፈር ነው። ስሙን ያወረሰን ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት ሠራ። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ከዚያ የአገሬው ሰው ገባበት። በ1967 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 መጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ያደግነው በዚያ የቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። በዚህም ምክንያት ድሃው ከከተማው መሃል ሳይወጣ ልጁን አሳደገ።

ውጤቱ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዘበኛ፣ የሚኒስቴር ጸሐፊ፣ ጉልት የምትቸረችር እናት፣ አዝማሪ፣ ጡረተኛ ወታደር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ግቢ ኖረ። ማታ ማታ ቡና ቤት እየሠሩ የሚያድሩ እህቶቻችንም የዚህ እድር አባላት ነበሩ። ከገጠር የመጡ፣ ዘመድ ያልነበራቸው። አንዳቸውም ያለ ለቀስተኛ አልተቀበሩም። ይህ እድር ሥራሽ ምንድነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። በሕይወቴ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

የድሮውን ቤት ግን አላሞግስም። ሽንት ቤቱን ለስንት አባወራ ነበር የምንጋራው? በክረምት ቆርቆሮው ሲያፈስ ሌሊቱን ባልዲ ስናቀያይር አድረናል። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ለማደስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱ ደግሞ አይገኝም። መንደር ውስጥ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ አልነበረውም። ገላን ጉራ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ሽንት ቤት ያገኛችሁት በዕድሜያችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አንዲት እናት «በሌሊት ጃንጥላ ይዤ መውጣት ቀረልኝ» ብላኛለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰፈሩ መታደስ ነበረበት።

የሚያንገበግበኝ የታደሰበት መንገድ ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ሲጀምር እኛ ገና በሩቅ ነበር የምናየው። በ2017 መጀመሪያ ደረሰን። ቤት ተቆጠረ፣ ካሬ ተለካ፣ ስም ተጻፈ። እድር አለ ወይ ብሎ የጠየቀን ግን የለም። ማን ከማን ጋር ይኖራል፣ የማን እናት በማን ልጅ ነው የምትጦረው፣ ያ መዝገብ ውስጥ አልገባም። ደባሎቹማ ጭራሽ ስማቸው የለም። በሰው ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ሃያ ዓመት የኖሩ አባላት አሉን። ባለቤቱ ምትክ ሲያገኝ እነሱ እቃቸውን ተሸክመው ወጡ። የት እንደገቡ እስካሁን ያላገኘናቸው አሉ። መዋጯቸውን ግን እስከ መጨረሻው ወር ከፍለዋል።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመልሶ ማልማት ውስጥ ለሚገባ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት የቅድሚያ መብት ይሰጠዋል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ለእኛ ግን ብዙም አልጠቀመንም። ብዙዎቻችን የቀበሌ ተከራይ እንጂ ባለይዞታ አልነበርንም። ባለይዞታ የነበሩትም ቢሆኑ ካዛንቺስ ላይ ፎቅ የሚያቆም ገንዘብ ከየት ያመጣሉ?

እንጀራ የምትሸጠዋን እህታችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለአካባቢው ምሳ ቤቶች በየቀኑ ታስረክብ ነበር። ደንበኞቿ ስሟን እየጠሩ ነበር የሚመጡት። ገላን ጉራ ያገኘችው ቤት ከድሮው ይሻላል፤ ራሷም ትመሰክራለች። ምጣዷ ግን አርፏል። ምሳ ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ የቀሩትም ሩቅ ናቸው። አንድ ቀን ሄጄ ሳያት ሰባት እንጀራ ጋግራ ደረጃው ሥር ተቀምጣለች። ሦስቱ አልተሸጠም ነበር። እኔ ልግዛው ብል «አንተማ እንግዳ ነህ» ብላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

አሁን ዛሬ ወደ ሰበሰበን ጉዳይ ልምጣ።

ከሄድን በኋላ የመጀመሪያው ሐዘን ገላን ጉራ ላይ ሲደርስ እድሩ አልተዘጋጀም ነበር። እውነቱን እንነጋገር፤ ጥፋቱ የእኛ የአመራሮቹ ነው። ድንኳኑና ድስቱ የነበረበት መጋዘን ፈርሶ እቃው በሦስት ሰው ቤት ተበትኗል። አንደኛው ቁልፉን ይዞ ክፍለ ሀገር ሄዷል። የጭነት መኪና ስናፈላልግ ረፈደ። ድንኳኑ የደረሰው ቀብር ካለቀ በኋላ ነው። አስከሬኑን ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ሲያወርዱ መታጠፊያው ላይ ማዞር አቅቷቸው የቆሙበትን ደቂቃ አልረሳውም። የሟች ልጅ አንገቱን አቀርቅሮ ግድግዳ ተደግፏል። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

ያኔ የየፎቁ በር ተከፈተ። ከእኛ ሰፈር ያልሆኑ፣ ስማችንን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ወጣቶቹ ገብተው አገዙ። እናቶች ወንበር ከየቤታቸው አወጡ። ከቀብር ስንመለስ የእጅ ውኃ ቀርቦ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ እዝን ይዘው ደረጃው ላይ ተሰልፈው ነበር። አንዷን «እናንተ ከየት ናችሁ?» ስላት «እኛም ከሌላ ሰፈር ተነስተን ነው የመጣነው» አለችኝ።

ሌላም ልንገራችሁ። እዚህ ካዛንቺስ አዲሱ አፓርታማ ውስጥ አንድ አባት አረፉ። ልጆቹ ድንኳን ከነወንበሩ፣ ምግብ ከነአስተናጋጁ ተከራዩ። ምንም አልጎደለም። ሰው ግን አልነበረም። የሥራ ቀን ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። እዚህ የቀራችሁት አባሎቻችን ለቅሶ ሰምታችሁ ዘበኛውን አስፈቅዳችሁ ገባችሁ። ሳትጠሩ ሄዳችሁ፣ እስከ ሰልስት ተቀመጣችሁ። በሳምንቱ የሟቹ ትልቅ ልጅ ደወለልኝ። «እድር እንዴት ነው የሚገባው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መተዳደሪያ ደንባችን አባል የሚሆነው የቀበሌው ነዋሪ ነው ይላል። ቀበሌው ራሱ ወረዳ ከሆነ ስንት ጊዜው! በዚህ ደንብ ከሄድን ገላን ያላችሁትም አባል አይደላችሁም።

ከእናንተ መካከል «ገንዘቡን ተካፍለን እንለያይ» ያላችሁ አላችሁ። አልቀየምም። ቅጣት መክፈል የሰለቸው፣ ለአንድ ቀብር የቀን ሥራውን የሚያጣ ሰው ቢመረው እውነት አለው። ግን አልስማማም። ያ ገንዘብ የእኛ ብቻ አይደለም። ግማሹን ያዋጡት ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ናቸው። ትልቁ ድስት የተገዛው በደርግ ጊዜ ሳንቲም ለሳንቲም ተለቅሞ ነው። የእኔ እናት ስታርፍ ወጥ የተሠራበት እሱ ነው። ምናልባት የእናንተም። እሱን በምን እንካፈለው?

ስለዚህ ኮሚቴው ይህን ያቀርባል። እድሩ አንድ ሆኖ ይቆይ፤ በየሠፈርንበት ቦታ ግን ምድብ ይኑረው። ገላን ጉራ አንድ፣ አራብሳ አንድ፣ ካዛንቺስ አንድ። ድንኳኑም ወንበሩም ይከፈል፤ በእያንዳንዱ ምድብ ቁልፉን ሁለት ሰው ይያዝ። ሩቅ ያለ አባል ቀብር ላይ ባይደርስ አይቀጣ፤ በዚያው ሳምንት ሐዘንተኛውን ይጠይቅ። ደባል የነበሩት በሰው ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ይመዝገቡ፤ አድራሻቸውን የምታውቁ ዛሬውኑ ለጸሐፊያችን ንገሩ። «የቀበሌው ነዋሪ» የሚለው ቃል ከደንቡ ይውጣና ወንበር ያወጡልን የገላን ጎረቤቶቻችንም፣ የአፓርታማው ልጅም መግባት ይቻላቸው። መግቢያው ስንት ይሁን የሚለው ያከራክረናል፤ እንከራከር።

ጡሩምባው ቀርቶ ቴሌግራም ይብቃን ያላችሁ ወጣቶችም ሐሳባችሁ ጥሩ ነው። ግን ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች አሉን። ለእነሱ በየምድቡ አንድ ደዋይ ይመደብ።

አንድ ነገር ደግሞ በጽሑፍ ለወረዳው እናስገባ። ከእኛ በኋላ የሚነሱ ሰፈሮች አሉ። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የየእድሩ ስም ዝርዝር ይታይ። በአንድ እድር ያሉ ሰዎች በአንድ ብሎክ፣ ካልሆነም በአንድ ሳይት ይመደቡ። ይህ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ለእኛ አልፏል፤ ለእነሱ አላለፈም።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ሂሳቡን ያነባሉ። ቀጥሎ ደንቡ ላይ እንወያያለን፤ ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በፊት ነው። ምሳው የተሠራው በትልቁ ድስት ነው። እንጀራውን ያመጣችው እህታችን ናት፤ ትናንት ማታ ገላን ላይ ጋግራው በአውቶቡሱ ይዛው መጣች። አውቶቡሱ ወደ ገላን የሚመለሰው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ የአራብሳው ደግሞ ከሩብ። ሁለቱ እናቶች ግን ቡና ጀምረዋል፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ እንዳያስነሷቸው ሾፌሮቹን አስጠንቅቄያለሁ።